መጦሪያ በር ላይ የተተከለ ድንኳን

የበደለችኝ ሴት አስካለች ትባላለች። የበደለችኝም ባሌ ደምሴ ባረፈበት ክረምት፣ ቴፒ ሳለን ነው። አጥሯ ከአጥሬ የተያያዘ ጎረቤቴ ነበረች። ቀብር አልመጣችም። ሰልስት አልመጣችም። አርባም ወጣ፣ አልመጣችም። ከማሻ ድረስ ጭቃ እየረገጡ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ከደምሴ ጋር በድንበር ሲካሰስ የኖረ ሰው እንኳ መጥቶ ደረቱን መትቷል፤ እንዲያውም ከዘመዶቹ ይልቅ እሱ ነበር ጮክ ብሎ ያለቀሰው። አስካለች ግን አጥሩ ማዶ ጎመኗን ትኮተኩት ነበር። አሞኛል ብላለች አሉኝ። ምኗን እንዳመማት አላውቅም፤ ወገቧን እንዳልሆነ ግን ጎንበስ ቀና ስትል አይቻለሁ።

ይህ ነገር ቀላል የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ያ ሰው ገና ወጣት ነው። የሰደበ ሰው ስድቡን ይመልሳል፣ የመታ ይካሳል፣ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል። ለቅሶ የቀረ ሰው ግን ሽማግሌ ይዞ ቢመጣስ ምን ሊያደርግ ነው? ሟቹ እንደገና አይሞትለት። ስለዚህ እኔ አስካለችን ያኔውኑ ማናገር አቆምኩ። ከእሷ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደጄ መጥታ፣ ደምሴን በስሙ ጠርታ አልቅሳ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ እንድትለኝ። ይህን ደግሞ ሄጄ አልጠይቃትም። ተጠይቆ የሚለቀስ ለቅሶ ሲኒማ ነው።

እንዴት የአረጋውያን መጦሪያ እንደገባሁ አልነግራችሁም። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ሲያዝንልኝ እንዳይ ብቻ ይጠይቀኛል። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ሙዝ በከበበው ግቢ ነው ያለሁት ብል ይበቃል። ምግቡ ይበላል። አልጋው ይተኛበታል። የመጀመሪያውን ዓመት ከክፍሌ ብዙም ሳልወጣ፣ ሰውም ሳላስቀይም አሳለፍኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ባጃጅ ግቢ ገባ። መጀመሪያ ሻንጣ ወረደ፣ ቀጥሎ ጃንጥላ ወረደ፣ ቀጥሎ አስካለች ወረደች።

ሁለቱም የቴፒ ሰዎች ናቸው፣ ይጫወታሉ ተባለና አንድ ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ከአልጋ ጎን አደረጉን። አሳቢዎች ናቸው፤ ሰውን የሚጎዱትም ሲያስቡለት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ክፍል ውስጥ እየኖርን አንነጋገርም። መስኮቱ ቢዘጋ ጥሩ ነበር ብዬ ለግድግዳው እናገራለሁ። አየር የሚጠላ ሰው ውጭ ይደር ብላ እሷም ለግድግዳው ትመልሳለች። ግድግዳው ስለ ሁለታችን የማያውቀው ነገር የለም።

እኔን ባታናግር ሌላውን ሁሉ ታናግራለች። ወሬዋ ደግሞ አንድ ነው፤ ሮማን። ሮማን አዲስ አበባ ያለችው ልጇ ናት። ሮማን እንዲህ ላከችልኝ፣ ሮማን በየእሁዱ ትደውልልኛለች፣ ሮማን ነይ አብረን እንኑር ብላ ለምናኝ እኔ ነኝ አገሬን አልለቅም ያልኩት። እኔ ስሞት፣ ትል ነበር ምግብ ቤት ቁጭ ብላ፣ እኔ ስሞት የቴፒ ሰው በሙሉ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። ሰው ራሱን ነቅንቆ ይሰማታል። እኔ ደግሞ በየእሁዱ አጠገቧ የምተኛ ሰው ነኝ። ስልኳን ትራሷ ላይ አስቀምጣ ስታየው ትውላለች። ስልኩ ግን ዝም ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ላለመናገር ምን ያህል እንደታገልኩ የሚያውቀው ያው ግድግዳው ነው።

አሁን ወደ ባህል ቀን ልምጣ።

ሜሮን የምትባል የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ አለችን። ልጅ ናት፣ ደግ ናት፣ መቀመጥ አታውቅም። ስልጠና ሄዳ ተመለሰችና፣ አረጋውያን ባህላቸውን ሲያስታውሱ አእምሯቸው ይነቃል ስትል አስረዳችን። የተኛ አእምሮ የተኛበት ምክንያት ይኖረዋል ብላ አልጠረጠረችም። በየወሩ አንድ ሐሙስ የአንድ ሕዝብ የባህል ቀን እንዲሆን ተወሰነ። በቤንች ቀን ጎደሬ ተቀቅሎ ቀረበ፤ ጥርስ ያለን በላን፣ ጥርስ የሌላቸው አጨበጨቡ። በካፋ ቀን ማር ስለነበረ፣ ስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ሁሉ ለዚያ ቀን ተፈወሱ፤ ነርሷ እስከ ማታ ከክፍል ክፍል ስትሮጥ ዋለች። በጉራጌ ቀን ክትፎው ድድ አያስቸግርምና ቤቱ በሙሉ ጉራጌ ሆነ። የሸኮ ቀን ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ስለ አንድ ጭፈራ አጨፋፈር ተከራክረው እስከዛሬ እንደተኮራረፉ ናቸው። አእምሯቸው ነቅቶ መሆን አለበት።

የኔ ነገር ግን ሜሮንን አስቸገራት። እማማ፣ እርስዎ በየትኛው ቀን ነው የሚሳተፉት አለችኝ። አባቴ ከጎጃም የመጣ ወታደር ነው። እናቴ የማጂ ልጅ ናት፣ በብሔሯ ዲዚ። እኔ ማጂ ተወለድኩ፣ የጉራጌ ነጋዴ አገባሁ፣ ዕድሜዬን ቴፒ ጨረስኩ፣ አሁን ሚዛን ተቀምጬ የሚመጣውን እጠብቃለሁ። ይህን ሁሉ ስነግራት እስክሪብቶዋን ነክሳ አሰበችና፣ እንግዲህ በአባት እናድርገው አለች። አባቴን በሕይወቴ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ምንም አላደረገልኝም። ይኸው በስተርጅና ሠርግ አስጠራኝ።

ሠርግ ያልኩት፣ የሰሜን ሰዎች ቀን በሠርግ እንዲከበር ስለተወሰነ ነው። ሙሽራዋ ነርሷ ሆነች። ሙሽራው ጋሽ ባህሩ ሆኑ። ጋሽ ባህሩ ድሮ የጭነት መኪና ሹፌር የነበሩ፣ ቁመናቸው አሁንም የሚያምር፣ የትናንቱን ግን የማያስታውሱ ሰው ናቸው። አንዳንድ ቀን የዛሬውንም አያስታውሱም። የሙሽራዋ እናት ማን ሆነች? አስካለች። ጥልፍ ቀሚስ፣ ኩል፣ ጃንጥላ። እኔስ ብዬ ጠየቅኩ። ሜሮን ወረቀቷን አየችና የሙሽራዋ እናት ጎረቤት ነዎት አለችኝ። ጎረቤት ምን ታደርጋለች አልኳት። ትቀመጣለች አለችኝ።

ከዚህ አገር ባህል ሁሉ ለእኔ የደረሰኝ የአስካለች ጎረቤት ሆኖ መቀመጥ ነው። ያንን ቴፒ ላይ ተጫውቼ ጨርሼው ነበር።

ሚዛን ላይ ዝናብ ዘነበ ብሎ መጻፍ ወረቀት ማባከን ነው፤ ነገሩ የመጣው ግን በዝናብ ምክንያት ነው። የአዳራሹ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ሜሮን ዘበኛችንን አድማሱን ጠርታ፣ ከሰፈሩ እድር ድንኳን ለምንልን አለችው። አድማሱ ቃል የማያባክን ሰው ነው። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ወልዴ ዘንድ ሄዶ፣ መጦሪያው ድንኳን ይፈልጋል አለ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። ጋሽ ወልዴም ሌላ ነገር አልጠየቁም። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ማን ሞተ ብሎ የሚያፈጥ ጨዋ ሰው የለም። ራሱን ይነቀንቃል፣ ነፍስ ይማር ይላል፣ ድንኳኑን ያወጣል። ግቢያችን ጭቃ ስለሆነ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ከበሩ ውጭ፣ መንገዱ ዳር ተከሉት። አግዳሚ ወንበሮቹንም እጃቸው እንደለመደው ግራና ቀኝ ደርድረው፣ መሃሉን ለሚያለቅስ ሰው ክፍት አድርገው ሄዱ።

እስቲ ፍረዱ። ሰው በመንገድ ሲያልፍ የሠርግ ቤት በር ላይ ድንኳን ቢያይ ሠርግ ነው ይላል። የመጦሪያ በር ላይ የእድር ድንኳን አይቶ ሠርግ ነው የሚል ሰው ግን ከእናቱ አልተወለደም።

እኔ እግሬ ስለሚዘገይ ቀድሜ ወጥቼ የድንኳኑ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሜሮን ነጠላዬን ለሠርግ እንደሚሆነው አስተካክላልኝ ነበር፤ ዞር ስትል መልሼ ዘቀዘቅኩት። በሰው ሠርግ፣ ያውም በውሸት ሠርግ፣ ማጌጥ አይሆንልኝም። ብቻዬን፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ፊቴን አጥቁሬ ተቀምጫለሁ። ፊቴ የተፈጠረው እንደዚያ ነው።

መጀመሪያ የመጣችው አናናስ ልትሸጥ ገበያ የምትሄድ ሴት ነበረች። ቅርጫቷን ውጭ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ወይኔ ወይኔ እያለች ገባች። ልምምድ ነው ብዬ አሰብኩ። ሜሮን ሰው ቀጥራለች አልኩ በልቤ፤ ጎበዝ አልቃሽ አግኝታለች፣ ግን ለሠርግ አልቃሽ ምን ይሠራል? ሴትዮዋ አልቅሳ ጨረሰችና አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗን ጠረገች። ትንሽ ዝም አለች፣ እንደ ወጉ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ቀስ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ማን ናቸው ያረፉት?»

አፌ አመለጠኝ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አላመለጠኝም። ሴትዮዋን አየኋት፣ ባዶውን አግዳሚ አየሁት፣ የቴፒው ጎመን ትዝ አለኝ።

«አስካለች» አልኳት።

ነፍስ ይማር አለችና እንደገና አለቀሰች፤ አሁን በስም ሆነ። ስም ሲጨመርበት ለቅሶ ይሞቃል። ሌሎች ሰሙ። ከሻይ ቤቱ ወጡ፣ ከልብስ ሰፊው ቤት ወጡ፣ ሞተር ሳይክል ነጂዎች ሞተራቸውን አቆሙ። ጋሽ ወልዴም ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ደረሱ። ሁሉም ነገር በሥርዓት እንዲሄድ የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው፣ እትዬ፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ይንገሩኝ፣ ጡሩምባው ሳይዘገይ ይውጣ አሉኝ። ነገርኳቸው። የአባቷን ስም በደንብ እንዲሰሙ ሁለተኛ ነገርኳቸው። የቴፒ ሰው ስለሆነች ጡሩምባው በመናኸሪያው በኩል ቢያልፍ ጥሩ ነው አልኩ። አመሰገኑኝ።

እንግዲህ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በሰፈሩ ሁሉ ዞሮ፣ ወይዘሮ አስካለች አርፈዋል፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ ሲል፣ ወይዘሮ አስካለች ክፍሏ ውስጥ ኩል እየተኳለች ነበር።

ወጣች። ሜሮን ከኋላዋ ከበሮ ይዛ ትከተላታለች፤ ድንኳኑን ስታይ ከበሮው እጇ ላይ ቀረ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ግማሹ ሰው ያለቅሳል። ሜሮን ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትሮጥ፣ አስካለች ግን ገብቷታል። ስሟን በጡሩምባ ሰምታዋለች። ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጃንጥላዋን ይዛ መሃል ላይ ቆመች። አሁን ትጮሃለች፣ አሁን ታዋርደኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ተዘጋጅቼም ነበር፤ የምመልሰውን ከዓመታት በፊት ነው የጨረስኩት።

አልጮኸችም። ጃንጥላዋን አጠፈች። ነጠላዋን አወረደችና ፊቷን ሸፈነች። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አናናስ ሻጯ ሴት ዘንበል ብላ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ምንሽ ነበሩ አለቻት።

«የቅርብ ሰው ነበረች» አለች አስካለች።

ገባኝ። ማን እንደሚመጣላት ልታይ ነው የተቀመጠችው። እኔም ብሆን እቀመጣለሁ። ይህን ዕድል አግኝቶ የሚነሳ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ቀጥለው ጋሽ ባህሩ ወጡ፤ ካባ ለብሰው፣ ከካርቶን የተሠራ አክሊል ደፍተው። ሠርግ እንዳለባቸው ከማለዳ ጀምሮ ሲነገራቸው ስለነበረ ያን ያስታውሳሉ። ድንኳኑን አዩ፣ ለቅሶውን ሰሙ፣ አክሊላቸውን አወለቁ። «ሙሽራዬ ሞተችብኝ?» አሉ። ማንም መልስ ከመስጠቱ በፊት ማልቀስ ጀመሩ። የእውነት ለቅሶ ነው። መኪና ይዘው ሩቅ መንገድ ላይ ሳሉ የሞተችባቸው ሚስት እንደነበረች ሰምቼ ነበር፤ የትኛዋን እንደሚያለቅሱ እግዚአብሔር ይወቅ። ሕዝቡ አንጀቱ ተበላ። ባልየው እሳቸው ናቸው ተባለ። በአንድ ደቂቃ ጋሽ ባህሩ የአስካለች ባል ሆነው ግራና ቀኝ ተደግፈው ተቀመጡ፤ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ ጉልበታቸውን እየነካ አጽናናቸው። የአንድ ጠዋት ባል፣ ያውም የሌላ ሰው፣ እኔ ለደምሴ ካገኘሁት የበለጠ አጽናኝ አገኘ። ተናደድኩ። በዚህ ሁሉ መሃል የተናደድኩት በዚህ ነው።

የከተማው ባህል ጽሕፈት ቤት ሰዎች ካሜራ ይዘው የመጡት ያኔ ነው። የተጋበዙት ለባህል ቀኑ ነበር። ቆመው አዩ፣ ቀረጹ፣ እርስ በርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሙሽራው ካባ ለምን እንደሆነ አንዱ ጠየቀ፤ ሌላው የድሮ የለቅሶ ሥርዓት ነው ብሎ አስረዳው። አለቃቸው ሜሮንን ጨብጠው፣ ብዙ ቦታ አይተናል፣ እንደዚህ እውነተኛ አድርጎ ያቀረበ ግን የለም አሏት። ሜሮን አመሰግናለሁ አለች፤ ከዚያ ከበሮውን ወንበር ሥር ደብቃ እሷም አለቀሰች። ያቺ ልጅ ያን ዕለት ያለቀሰችው ለራሷ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አስካለች የመንገዱን መምጫ ታያለች። በነጠላዋ ክፍተት አንድ ዓይኗን አውጥታ የቴፒ መኪና በቆመ ቁጥር ቀና ትላለች። ሰዎች ይወርዳሉ፣ ዕቃቸውን ይሸከማሉ፣ ይሄዳሉ። አንዲት የቴፒ ልብስ ነጋዴ ሁለታችንም እናውቃታለን፤ ድንኳኑ አጠገብ ደርሳ ማን ሞተ ብላ ጠየቀች፣ ነገሯት። ወይ ነፍስ ይማር አለችና መንገዷን ቀጠለች። አስካለች ሰማቻት። አልተንቀሳቀሰችም።

ጋሽ ወልዴ ቤተሰብ ይነገረው አሉ። አድማሱም እንደ ሰው ሁሉ ጡሩምባውን አምኖ ኖሮ፣ ከቢሮ የሮማንን ቁጥር አምጥቶ፣ ስልኩን ይዞ ድንኳኑ ጥግ ቆመ፤ ከእኛ በስተኋላ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ይህን ማንም ያውቃል። ታማለች ነይ ይባላል፤ ሰው ይመጣል፤ ከዚያ በጠዋት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነግረዋል። አድማሱም እንደ ሥርዓቱ፣ እናትሽ በጣም አሟታል፣ ብትመጪ ጥሩ ነው አለ። ከዚያ አዳመጠ። እሺ አለ። እሺ፣ እነግራታለሁ አለ። ስልኩን ዘጋና ወደ ጋሽ ወልዴ መጥቶ ድምፁን ቀነስ አደረገ። ለሰው ድምፅ መቀነስ ደግሞ አይችልበትም።

«ሥራ ስለያዘኝ አሁን አልችልም፣ ለገና እመጣለሁ አለች። መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ ንገሯት አለች።»

ጋሽ ወልዴ መሬት መሬት አዩ። እኔ አስካለችን አላየኋትም። ላይባት የምፈልገው ነገር ይህ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ስሟን ለአናናስ ሻጯ ስነግራት የፈለግኩት ይህንኑ ነበር፤ ጡሩምባውን በመናኸሪያ በኩል የላክሁትም ለዚሁ ነው። ሲመጣ ግን እጄን አየሁ። እጄ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ከነጠላዋ ሥር እንዲህ ስትል ሰማኋት፤ ለእኔ አይደለም፣ ለግድግዳም አይደለም፣ ድንኳን ግድግዳ የለውም።

«መድኃኒቴን አላቋረጥኩም።»

ከቀትር በኋላ ዝናቡ ጠነከረ። የእድር ሰው ተነሳ፤ አስከሬኑ የት እንዳለ፣ ቀብሩ መቼ እንደሆነ ሊጠይቅ ሲል ሜሮን ጋሽ ወልዴን ወደ ቢሮ ወስዳ ሁሉንም ነገረቻቸው። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ሲወጡ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ድንኳኑን ነገ እንወስዳለን ብቻ ብለው ሄዱ። ጋሽ ባህሩን ወደ ክፍላቸው አስገቧቸው፤ ለምን እንዳለቀሱ ረስተው ነበር፣ ዓይናቸው ግን ገና እንዳበጠ ነበር። ለሠርግ የተጋገረውን ዳቦ በየክፍሉ አደሉ። ድንኳኑ ውስጥ እኔና አስካለች ቀረን።

ውሃው ከድንኳኑ ጫፍ ሲወርድ ይሰማል።

«አንቺ ነሽ ያልሽው?» አለችኝ። ከደምሴ ሞት ወዲህ ለእኔ ብላ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«እኔ ነኝ።»

«ማንም አልመጣም።»

«የእድር ሰው መጥቷል» አልኳት።

«እነሱ ቅጣት ፈርተው ነው።»

ይህን ልክደው አልቻልኩም። እድር የቀረን ሰው ይቀጣል።

ተነሳች። ክፍሏ ልትገባ ነው ብዬ አሰብኩ። የግቢውን በር ትታ፣ መንገዱ ድረስ፣ ጃንጥላዋን ሳትዘረጋ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። አንድ ባጃጅ ጭቃ ረጨባትና አለፈ። ጥልፍ ቀሚሷ ሰውነቷ ላይ ተጣበቀ፣ ኩሉ ወረደ። መንገዱ ላይ ቆማ ወደ ድንኳኑ ዞረች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና መጣች፤ ከሩቅ እንደሚመጣ ለቀስተኛ፣ እያለቀሰች።

«ደምሴ!» አለች። «ደምሴ ወንድሜ! ደጁ ክፍት የነበረው ደምሴ!»

መሃል ላይ፣ የእድሩ ሰዎች ለሚያለቅስ ሰው ክፍት ባደረጉት ቦታ ላይ ቆመች። ደረቷን መታች። የደምሴን ሱቅ ጠራች፣ በቅሎውን በስሟ ጠራች፣ ከደጃችን ተቀምጦ የአላፊ አግዳሚውን ሰላምታ ሲመልስ የሚለውን ሳይቀር አለች። እኔ የረሳሁትን ነገር አስታወሰች። ድምፅዋ የአሮጊት ድምፅ ነው፤ ይሰነጠቃል፤ ቢሆንም አላቋረጠችም። ማንም አያያትም። ለካሜራ አልነበረም፣ ለቅጣትም አልነበረም። ስትጨርስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ከቀሚሷ የሚወርደው ውሃ ወደ እኔ ይፈስሳል።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ።

«አሜን» አልኳት። ቀጥዬም፣ «ዘግይተሻል» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

ለምን እንደቀረች አልነገረችኝም። አልጠየቅኳትም። ፊቴን ወደ ሌላ በኩል አዙሬ፣ ለደምሴ ማልቀስ የቀረኝን አለቀስኩ። ለካ ብዙ ቀርቶኝ ነበር። ሜሮን ሻይ ይዛልን መጥታ፣ አይታን፣ ሻዩን ወንበር ላይ አስቀምጣ ተመለሰች።

ማታ ወደ ክፍላችን ስንገባ አልተነጋገርንም። መስኮቱን ግን እኔ ዘጋሁት፣ እሷም ምንም አላለች። ስልኳን ትራሷ ላይ አላስቀመጠችም።

በማግስቱ ማለዳ፣ እሷ ተኝታ ሳለች፣ አድማሱ ዘንድ ሄጄ ትናንት የደወልክበትን ቁጥር ደውልልኝ አልኩትና ስልኩን ተቀበልኩት። ሮማን አነሳች። የእናትሽ ጎረቤት ነኝ፣ ቴፒ አጥር ለአጥር የነበርኩት አልኳት። አስታወሰችኝ። እናትሽ አርፋለች አልኳት። ከዚያ ቀብሩ መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ። አንቺን እየጠበቅን ነው አልኳት። ስልኩን ለአድማሱ መለስኩለትና ቁርሴን በላሁ።